ዶሮ እንዳትገዢ

ታኅሣሥ 14፣ ማክሰኞ፣ ምሳ ሰዓት

ዛሬም ኔጌቲቭ። ኢንፍሉዌንዛ፣ ኔጌቲቭ። ኮቪድ፣ ኔጌቲቭ። ሕፃናትን የሚያፍነው ቫይረስም ኔጌቲቭ። በእጃችን ያለው መመርመሪያ በሙሉ አለቀ። የሥራ ባልደረባዬ ናሆም ስክሪኑን አይቶ ሳቀ፤ ደስ ብሎት አይደለም። ጓንቴን አሁን አውልቄ ነው የምጽፍልሽ፣ ደብተሬ። እጄ አልኮል አልኮል ይሸታል። ሽሮዬ ቀዝቅዟል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቦሌ ሚካኤል፣ ከሩዋንዳ ሰፈር፣ ከአትላስ አካባቢ ሰዎች እያሳላቸው ሆስፒታል እየገቡ ነው። መጀመሪያ ትኩሳት፣ ከዚያ ደረቅ ሳል፣ ከዚያ ትንፋሽ ማጠር። ራጅ ሲነሱ ሳንባቸው በሁለቱም በኩል ነጭ። ሐኪሞቹ የሚያውቁትን ሁሉ ሞክረው ሲያቅታቸው ናሙናውን ለኛ ላኩት። እኛ ደግሞ የምናውቀውን ሁሉ ሞክረን ይኸው።

የላብራቶሪያችን ኃላፊ ዶ/ር ኃይሉ አንድ መንገድ ብቻ ቀርቷል አሉ። ምን እንደምንፈልግ ሳናውቅ በናሙናው ውስጥ ያለውን ዘረመል በሙሉ ማንበብ። ማሽኑ ላይ ናሆምና እኔ። እኔ ናሙናውን አዘጋጃለሁ፣ እሱ የወጣውን ኮምፒውተር ላይ ይገጣጥማል።

ፈራሁ። ደስም አለኝ። ሁለተኛውን ላንቺ ብቻ ነው የምነግርሽ። ሰው ትንፋሽ አጥሮት ተኝቷል፣ እኔ ስማር የኖርኩት ለዚህ ነው ብዬ ልቤ ይዘላል።

ታኅሣሥ 17፣ ዓርብ፣ ጠዋት፣ ቤት

ውሃ የለም። አከራዬ እትዬ አስናቀች ከበርሜላቸው አንድ ባልዲ ቀድተው በሬ ላይ አስቀመጡልኝ። ሳልጠይቃቸው።

ግቢው በዶሮ ጩኸት ሊፈነዳ ነው። ለገና የመጡ። እትዬ ከሚካኤል ቤተክርስቲያን ዝቅ ብሎ ባለው ገበያ የቁም ዶሮ ይሸጣሉ፤ ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቁት ይህን ሰሞንና ፋሲካን ነው። ባለቤታቸው ጋሽ ወርቁ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው። ኮፍያቸውን ደፍተው የቆጥ ሽቦ ያጠባብቃሉ። ምን እንደምሠራ ከነገርኳቸው ጀምሮ ባዩኝ ቁጥር ያው ጥያቄ ነው፦ «ዶክተሬ፣ ሌባውን ያዛችሁት?» ገና ነው ስላቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ እኔ ሰነፍ ፖሊስ ብሆን እንደዚያ የሚነቀንቁ ይመስለኛል።

እነሱ የሚካኤል ሰዎች፣ እኔ ጴንጤ። እሑድ ጠዋት በር ላይ ተገናኝተን ወደየፊናችን እንሄዳለን። ከነቀምት ከመጣሁ ጀምሮ እንደነዚህ ሰዎች ቤት የሆነኝ የለም።

ታኅሣሥ 21፣ ማክሰኞ፣ ማታ

አንድ ነገር ወጣ!

አጭር ቁራጭ ናት። ከናሙናው ውስጥ የሰው የሆነውን፣ የባክቴሪያ የሆነውን ሁሉ አውጥተን ስንጥል የቀረች። ኮምፒውተሩ በዓለም ከሚታወቁ ቫይረሶች ጋር አስተያያት። በጣም የምትቀርበው የዶሮንና የመሰል የቤት ወፎችን መተንፈሻ የሚያጠቃ ቫይረስ። ከታማሚዎቹ መካከል ደግሞ ዶሮ ነጋዴዎች አሉ። 

ናሆም ቀዝቀዝ አደረገን። ቁራጯ አጭር ናት፣ ዘመድ መሆንና ራሱን መሆን ይለያያል፣ ሙሉውን ሳናነብ ምንም ማለት አንችልም አለ። ዶ/ር ኃ. ከዚህ ክፍል ቃል እንዳይወጣ አሉ። ሁላችንም እሺ አልን። እኔም አልኩ።

ወደ ቤት ስመለስ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጠች ሴትዮ ሁለት ዶሮ በዘንቢል ይዛለች። አንገታቸው ብቻ ይታያል። ታናሽ እህቴን ቦንቱን አሰብኳት። ሰሚት ኮንዶሚኒየም፣ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ፣ ለገና ራሷ አርዳ ልትሠራ እየፎከረች። ስልኬን አወጣሁ። በቴሌግራም ድምፄን ላክሁላት። ቦንቱ፣ ዶሮ እንዳትገዢ። ቤት እንዳታስገቢ። ለምን አትበዪኝ። ለማንም እንዳትናገሪ።

ከወረድኩ በኋላ ትንሽ ከበደኝ። ከዚያ እህቴ ናት አልኩ።

ታኅሣሥ 23፣ ሐሙስ

 

ጠዋት ናሆም ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀነው። ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ጽሑፍ። ላብራቶሪ የምትሠራ ዘመዴ እንደነገረችኝ ይላል። አዲሱ በሽታ ከዶሮ ነው፣ መንግሥት ለበዓሉ ብሎ ደብቆታል፣ ልጆቻችሁን አድኑ። የኔ ቃል ከሁሉም ሥር እንደ ጠጠር ተቀብሯል፤ ከላይ የተጫነውን ማን እንደጫነው አላውቅም።

መጸዳጃ ቤት ገብቼ ቦንቱ ጋ ደወልኩ። ለኮንዶሚኒየሙ ነዋሪዎች ግሩፕ ነው የጻፍኩት አለች። ከበላይዋ ፎቅ ያለችው አራስ ናት፣ ዝም ብትላት ኃጢአት መሰላት። ድምፅሽን አልላክሁም፣ ስምሽንም አልጠራሁም ብላ አለቀሰች። ልቆጣት አፌን ከፍቼ ተውኩት። በምን አፌ? እኔም ያደረኩት እሷ ያደረገችውን ነው።

ዶ/ር ኃ. ሰበሰቡን። ከዚህ ክፍል ነው የወጣው አሉ። ማነው?  ዓይናቸው ናሆም ላይ ቆየ፤ ጋዜጠኛ ጓደኛ እንዳለው ሁላችንም እናውቃለን። የጽሑፉ «ዘመዴ» ሴት ናት፣ ግን ይህን ማን ያስተውላል። ናሆም ጆሮው ቀላ። እኔ የጋውኔን ቁልፍ እያየሁ ተቀመጥኩ።

ታኅሣሥ 25፣ ቅዳሜ

ገበያው ተዘጋ። ለጥንቃቄ ነው ተባለ። ነጭ ቱታ የለበሱ ሰዎች ቆጥ ቆጡን እየጫኑ ወሰዱ። ከዚያ ግቢያችን ገቡ።

መስኮቴ ላይ ቆሜ አየሁ። ጋሽ ወርቁ ኮፍያቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘዋል፣ አስከሬን እንደሚወጣበት ቤት። እትዬ አልጮሁም። አንዷን ቀይ ዶሮ፣ ለጫጩት ብለው የተዉዋትን፣ ራሳቸው ይዘው አስረከቡ። ጎረቤት በሩን ገርበብ አድርጎ ያያል። ከበሩ ፊት ያለው ባለ ሱቅ እትዬ ዳቦ ሊገዙ ሲሄዱ፣ እዚያው ሆነው ይበሉኝ፣ እኔ አወጣልዎታለሁ አላቸው።

ሲመሽ እትዬ እኔ ጋ መጡ። ግቢው ላባ ብቻ ነው።

«ሌንሴ፣ አንቺ የምትሠሪው እዚያ አይደል? እውነት ነው?»

«እትዬ፣ ገና አልታወቀም።»

ውሸት አይደለም። እውነትም አይደለም።  እጃቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ተመለሱ። ደብተሬ፣ ያኔ፣ በሩ ላይ፣ ለመናገር ምን ይፈጅብኝ ነበር?

ታኅሣሥ 29፣ ረቡዕ፣ ገና

ቦንቱ ጋ አልሄድኩም። ተረኛ ነኝ ብዬ ዋሸሁ።

እትዬ በሰሃን ትንሽ አልጫ አመጡልኝ። እንኳን አደረሰሽ፣ እንኳን አብሮ አደረሰን። ጋሽ ወርቁስ? ደክሟቸው ተኝተዋል። በበዓል ቀን፣ እሳቸው? ግቢ ወጥተው ካልሳቁ በዓል የማይመስላቸው ሰውዬ። ከዚያ በላይ ሳልጠይቅ ቀረሁ። ሥጋው አፌ ውስጥ ተንከባለለ።

ጥር 2፣ ቅዳሜ፣ ምሳ ሰዓት

በግድግዳው በኩል ሳል። ደረቅ፣ ቶሎ ቶሎ።

እትዬን ግቢ ውስጥ አገኘኋቸው። አስም ነው አሉኝ፣ ድሮም ብርድ ሲሆን ይነሳበታል። ሲናገሩ አላዩኝም። አስም አይደለም። አስም እንዳልሆነ አውቃለሁ። እንዳወቅሁም አውቀዋል። ማስክ በራቸው ላይ ትቼላቸው ሥራ ሄድኩ። የሚቻለኝን ያደረግኩ መስሎኝ።

ለምን አልገባሁም? ከገባሁ ሆ/ል እንውሰዳቸው ማለት አለብኝ። እሳቸው ደግሞ ዶሮ ነጋዴዋ ባሏን ገደለች ይባላል ይሉኛል። ያንን ማን እንዳስጀመረው እያወቅሁ ፊታቸው መቆም አልቻልኩም። ይኼው ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ናሆም ከማሽኑ ላይ ተነስቷል። ጉዳዩ እስኪጣራ ኮምፒውተር እንዳይነካ። ከእኔ ጎን ሆኖ የናሙና ብልቃጥ ላይ ስያሜ ይለጥፋል። እኔ ብቻዬን ቁርጥራጩን ልገጣጥም እሞክራለሁ፣ አይገጥምም። የሱ ሥራ ነው። ዞር ብዬ ልጠይቀው እፈልጋለሁ፣ አፍራለሁ።

ጥር 5፣ ማክሰኞ

ሳሉ ቆመ። ጠዋት ነቅቼ ስሰማ ምንም የለም። ዝምታው ነው ያስነሳኝ።

በሩን አንኳኳሁ። እትዬ ከውስጥ ደህና ነን አሉ። ገፍቼ ገባሁ። ጋሽ ወርቁ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል፣ ከንፈራቸው ጠቁሯል፣ የአንገታቸው ሥር ከእያንዳንዱ ትንፋሽ ጋር ወደ ውስጥ ይሰረጎዳል። እንደዚያ ሆነው አይተውኝ ፈገግ ሊሉ ሞከሩ።

እትዬ እግሬ ላይ ሊወድቁ ቃጣቸው። አትውሰጅብኝ፣ በቴሌቪዥን ያወጡናል፣ ከቆጥሽ ነው ይሉኛል። «እትዬ፣ ይሙቱ ነው የሚሉት?» አልኳቸው። እንዲህ አልኳቸው፣ እኔ። ነጠላቸውን አነሱ።

አንዱ ታክሲ ግቢውን ሲያይ ተመለሰ። ሌላው ተስማማ፣ መስኮቱን በሙሉ ከፍቶ። ሆ/ል ኦክስጅን አስገቡላቸው። ሐኪሙ ዘግይታችኋል አለ፤ ለእትዬ ነው ያለው፣ እኔ ግን ለራሴ ወሰድኩት። ለምርመራ ከሳንባቸው ናሙና ይወሰድ ወይ ብዬ ጋሽ ወርቁን ጠየቅኋቸው። መናገር አልቻሉም። እጄን ጨብጠው ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ።

የእትዬም የኔም ተወሰደ።

ጥር 8፣ ዓርብ

በቅደም ተከተል ልጻፍ፣ አለበለዚያ አልችልም።

የጋሽ ወርቁ ናሙና በቫይረሱ የተሞላ ነው። እስከ ዛሬ ከመጡት ሁሉ እንዲህ ጥርት ያለ አላየንም። ብቻዬን አልችልም አልኳቸው ዶ/ር ኃ.ን፣ ናሆም ያስፈልገኛል። እርስዎ አጠገቡ ይቀመጡ ከፈለጉ። ፈቀዱ። ናሆም ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ቁርጥራጩ እጁ ላይ ሲደርስ እንደ ዚፕ ገጠመ። ከጫፍ እስከ ጫፍ።

የዶሮው ቫይረስ አይደለም። ዘመዱ ነው፣ የሩቅ፣ ከጥንት ጀምሮ የተለየ። የራሱ ቅርንጫፍ። እስከ ዛሬ ማንም ያልመዘገበው። ከገበያው ከተወሰዱት ዶሮዎች አንዳቸውም ላይ የለም። ባለፈው ሳምንት የሌላ ታማሚ ናሙና የጨመርንበት የዶሮ ሴል ዛሬም ደህና ነው፤ የሰው መተንፈሻ ሴል ግን ሞቷል። ከሆ/ሉ ደግሞ የታማሚዎቹ ታሪክ መጣ። ብዙዎቹ ዶሮ ነክተው አያውቁም። አትላስ አካባቢ አንድ ለቅሶ ላይ በአንድ ድንኳን ተቀምጠው ነበር፣ ወይም ከተቀመጠ ሰው ጋር ይኖራሉ። ዶሮ ነጋዴዎቹም ለቀስተኞች ነበሩ። ጋሽ ወርቁም፤ የሟቹ የሥራ ባልደረባ ነበሩና እስከ ገና ሰሞን ለቅሶ ቤቱ ይመላለሱ ነበር።

ከሰው ነው። ከሰው ወደ ሰው። ዶሮዎቹ ምንም አላደረጉም።

ዶ/ር ኃ. አጨበጨቡ። ናሆም ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። እኔ፣ ለጋሽ ወርቁ ሌባውን ያዝነው ብዬ ልነግራቸው፣ ስልኬን አንስቼ ሆ/ል ደወልኩ። ነርሷ ቤተሰብ ነሽ ወይ አለችኝ። ነኝ አልኩ። ረፋድ ላይ አረፉ አለችኝ።

ጥር 12፣ ማክሰኞ

ቅዳሜ ተቀበሩ። ሰውም ጥቂት።

ድንኳኑ ግቢያችን ፊት ተተከለ። ዕድሩ ወንበር አመጣ፣ ደርድሮ ሄደ። ወንበሮቹ እንደተደረደሩ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ለቅሶ የደረሱ ሰው፣ ለሳቸው የሚደርስ ጠፋ። አንድ ቄስ፣ አንድ የድሮ ሾፌር በማስክ፣ የእትዬ እህት ከደብረ ብርሃን፣ እኔ። ሰው በመንገዱ ማዶ ያልፋል። አንዳንዱ ከሩቅ ራሱን ዝቅ አድርጎ ያልፋል።

በእውቀቴ ደህና ነው እላለሁ፣ ድንኳን ውስጥ መጨናነቅ ነው ይህን ሁሉ ያመጣው። ሰው ባይመጣ ይሻላል። ግን ድንኳን ውስጥ መሰብሰብ አደገኛ ነው ብሎ የቀረ የለም። የቀረው የዶሮ ነጋዴ ቤት ነው ብሎ ነው።

የእትዬ ምርመራ ነጻ፣ የኔም ነጻ። ለምን እኛን እንደማረን አላውቅም።

ዛሬ የሚካኤል ታቦት ሲገባ በበራችን በኩል ሆታው አለፈ። ነጭ በነጭ፣ ከበሮ፣ እልልታ። እትዬ ከወንበራቸው ተነስተው ወደ መንገዱ ዞረው ቆሙ፣ ማቅ እንደለበሱ፣ ብቻቸውን፣ ሕዝቡ አልፎ እስኪያልቅ። ተመልሰው ሲቀመጡ አላለቀሱም። ሻይ ጠጪ፣ ቀዝቅዞብሻል አሉኝ። እኔን። ለኔ አዘኑልኝ።

ደብተሬ፣ ከዚህ በላይ መሸከም አልችልም።

ጥር 13፣ ረቡዕ፣ ከሰዓት

ነገርኳቸው። ዶ/ር ኃ. ለመግለጫ የሚሆን ጽሑፍ እያረሙ ነበር። አዲስ ቫይረስ ተለየ፣ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል፣ ማስክ፣ መስኮት መክፈት። ስለ ዶሮ አንድ ቃል የለም። ለምን? አልኳቸው። እኛ ዶሮ ነው አላልንም፣ ያላልነውን እንዴት እናስተባብላለን? አሉኝ።

«እኔ ብያለሁ» አልኩ።

አልገባቸውም። ደገምኩላቸው። ታክሲውን፣ እህቴን፣ ድምፁን። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ጉዳይሽ እስኪታይ ቤትሽ ሁኚ አሉኝ። መግለጫው ላይ ዶሮን በሚመለከት አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲጨመር ለመንኳቸው። አስብበታለሁ አሉ።

ናሆምን ደረጃው ላይ አገኘሁት። ለሱም ነገርኩት። ሰምቶ ጨረሰና፦

«በየቀኑ አብረን ምሳ ስንበላ?»

«አዎ።»

«ስለ እህትሽ ብትነግሪኝ ይገባኝ ነበር እኮ።»

ወደ ላይ ወጣ። ይቅርታዬን ለጀርባው ነው ያልኩት።

ጥር 14፣ ሐሙስ፣ ማታ

ድንኳኑ ፈረሰ። እህታቸው ተመለሱ። እትዬ ብቻቸውን በረንዳ ላይ ምስር ይለቅማሉ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ቀድሞ የተዘጋጀ ንግግር ነበረኝ፤ አፌ ላይ አንዱም አልቀረም። ዶሮ እንዳትገዢ ያልኩት እኔ ነኝ አልኳቸው። ለእህቴ ነው ያልኩት። ውሸት ነበር፣ ዶሮዎቹ ምንም የለባቸውም፣ ጋሽ ወርቁም ከለቅሶው ነው የያዛቸው።

ምስሩን መልቀም አላቆሙም።  የመሰለኝ ስለ ዶሮዎቹ እንደሚጠይቁኝ ነው፣ ስለ ገበያው፣ ስለ ስማቸው።

«ሳሉን ከመቼ ጀምሮ ሰማሽው?» አሉኝ።

«ከገና በኋላ ካለው ቅዳሜ።»

«እኔ ደግሞ አንቺ እንዳትሰሚ ብዬ አፍህን በትራስ ያዝልኝ እለው ነበር።» እጃቸው ቆመ። «ይዞልኛል።»

ከዚያ አለቀሱ። ጋሽ ወርቁ ከሞቱ ጀምሮ እትዬ ሲያለቅሱ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ልይዛቸው እጄን ዘረጋሁ፣ ተዪው ዓይነት በክርናቸው መለሱኝ። መለስኩት። ቁጭ ብለን መሸ።

ሊገቡ ሲሉ ወሩ ሲያልቅ ቤቱን ልቀቂልኝ አሉኝ። በቁጣ አይደለም። በግድግዳው በኩል አንቺን መስማት አልችልም አሉ። እሺ አልኩ።

በሩ ላይ ዞሩ። ገበያው ነገ ይከፈታል ተብሏል፣ ግን ማን ይገዛኛል አሉ። ወረቀት የሚያነብ የለም፣ ሬዲዮ የሚያምን የለም። ሰው ያመነው የሰው ቃል ነው። «ያው አፍሽ ያለውን፣ ያው አፍሽ ይመልሰዋ። እዚያው፣ ሰዉ ፊት።»

ዶ/ር ኃ. ከሰሙ ሥራዬን ጨርሶ ሊያሳጣኝ ይችላል። ቦንቱ ደውላ አታድርጊው አለች፣ ሰው ይደበድብሻል አለች። ሊሆን ይችላል።

ነገ በጠዋት ከእትዬ ጋር እወርዳለሁ። ማስክ አደርጋለሁ፣ ጋውን አልለብስም። ስለ ዘረመል ምን ብዬ እንደማስረዳ አላውቅም፣ ይገባቸው እንደሆነም አላውቅም። መጀመሪያ ስሜን እናገራለሁ፣ ከዚያ ዶሮ እንዳትገዢ ያልኩት እኔ ነኝ እላለሁ፣ ተሳስቼ።